የሚሸጠውን የማያውቅ ሙዚቃ ቤት

ደሴ ፒያሳ፣ በጫማ መሸጫና በሞባይል ጥገና ሱቆች መካከል ተጨንቆ የቆመ አንድ ሙዚቃ ቤት አለ። ስሙን አልጽፍም። የምወቅሰው ነገር አለኝ፤ ባለቤቱ ደግሞ የከተማ ሰው ናቸው፣ በአደባባይ ላሳጣቸው አልፈልግም። ደሴን የሚያውቅ ግን ፈልጎ አያጣቸውም፤ በዚያ መስመር ገና ከበሩ ሲገቡ የካሴት መደርደሪያ የሚታይበት ሌላ ሱቅ አልቀረም። ከቀድሞዎቹ አንዱ መዋቢያ ይሸጣል፣ አንዱ ገንዘብ መላኪያ ሆኗል፣ አንዱ የስልክ ሽፋን ሰቅሏል። "እዚህ ጋ እኮ ሙዚቃ ቤት ነበር" ማለት የእኔ ዕድሜ ሰዎች ሥራ ሆኗል።

እኔ ቧንቧ ውሃ አካባቢ የጀበና ቡና እሸጣለሁ፤ ሙዚቃ የሥራ ዕቃዬ ነው። ጠዋት የጦሳ ብርድ ገና ከሰው ትከሻ ሳይወርድ ለሚመጣው አስተማሪና የባንክ ሠራተኛ ድምፃዊ የሌለበት ለስለስ ያለ ትዝታ እከፍታለሁ፤ በዚያ ሰዓት ግጥም ማዳመጥ የሚፈልግ ሰው አላየሁም። ከሰዓት በኋላ ከኮምቦልቻ የሚመለሱ ሹፌሮች ሲገቡ ጨዋታው ይቀየራል። በዐቢይ ጾም ሌላ ነው፣ በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ ደግሞ መንዙማ ነው። እናቴ ሙስሊም፣ አባቴ ክርስቲያን ነበር፤ ወሎ ውስጥ ይህ ዜና አይደለም። ከቤታችን የካሴት ሳጥን ውስጥ መዝሙሩም፣ መንዙማውም፣ አምባሰሉም አንድ ላይ ተጠላልፎ ነው ያደገው። ስለዚህ ስለዚህ ሱቅ የምጽፈው እንደ ናፋቂ ሳይሆን ገንዘቧን ቆጥራ እንደምትከፍል ደንበኛ ነው።

ሱቁ ጠባብ ነው። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደረጃው ላይ ይጠብቃል። በግራ ካሴት፣ በቀኝ ሲዲና ዲቪዲ፣ መሀል ላይ አንድ ኮምፒውተርና ሁለት የካሴት ዴክ። ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን የአልበም ፖስተሮች ፀሐይ በልቷቸው ቀዩም ቢጫውም ሄዷል፤ ሁሉም ዘፋኝ ሰማያዊ ሆኗል። አቧራው አለ። ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ግን የለም፤ ለእግረኛ ደንበኛ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

የሚገርመው የካሴቶቹ አደራደር ነው። በዘፋኝ ስም አይደለም፣ በዓመትም አይደለም፤ በዜማው ቅኝት ነው። ትዝታ አንድ መደርደሪያ፣ ባቲ አንድ፣ አምባሰል አንድ፣ አንቺሆዬ አንድ። መንዙማና መዝሙር ከላይ ለብቻቸው ተከብረው ተቀምጠዋል። "አያ፣ አንድ ካሴት ላይ አራቱም ቅኝት ቢኖርስ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "ዘፋኙ በየትኛው ነው የሚያምርበት? እዚያ ነው የማስቀምጠው" አሉኝ። በአምባሰል የምትታወቀውን ማሪቱ ለገሰን ታዲያ የት እንደማገኛት መጠየቅ አላስፈለገኝም። ከአራቱ ቅኝቶች የሁለቱ ስም የእኛው አገር ስም ነው፤ ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ወርዳ ሰኞ ሰኞ የምትገበያየው ከተማ ናት፣ አምባሰል ደግሞ ከሐይቅ አለፍ ብሎ ያለው ተራራማ አገር። በዚህ አገር ካሴት በቅኝት የሚደረድር ሱቅ አንድ ብቻ መቅረቱ ያሳፍረኛል።

ካሴቶቹ እስከ ዛሬ የቆዩበት ምክንያት ያስቃልም ያናድዳልም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ማብቂያ ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ባለቤቱ እንደ ብዙዎቻችን ሱቃቸውን ቆልፈው ሸሹ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተማዋ ተለቅቃ ሲመለሱ በሩ ተሰብሯል፤ ኮምፒውተሩ፣ ድምፅ ማጉያዎቹ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ሃርድ ዲስኮቹ የሉም። ካሴቶቹ ግን ወለሉ ላይ ተበትነው ጠበቋቸው። ዘራፊም የገበያ ዋጋ ያውቃል፤ ካሴት የሚሸከም አልተገኘም። ከሃርድ ዲስኩ ጋር ከተወሰደው አብዛኛው በኋላ ከኢንተርኔት ተመልሶ ወርዷል። ወለሉ ላይ ከተጣለው ግን ብዙው ሌላ ቦታ የለም።

አሁን ሱቁን የሚያኖሩት ሦስት ሥራዎች ናቸው፤ ፍላሽና ሚሞሪ መሙላት፣ ፊልም መጫን፣ የድሮ ካሴት ወደ ፍላሽ መገልበጥ። ሲዲ የሚገዛው ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ ብቻ ነው፤ እሱም ለማጫወት ሳይሆን ሻንጣው ውስጥ ለማስገባት።

ፍላሽ መሙላት 100 ብር ነው። ሰኞ ገበያ በኩል ያሉ ወጣቶች በ50 ይሞላሉ፤ ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። ወጣቶቹ "ወሎ" የሚል ማህደር አላቸው፤ እሱን እንዳለ ገልብጠው ይሰጡሃል፣ አለቀ። ቤት ገብተህ ስትከፍተው አንዱ ዘፈን በሦስት ስም ሦስት ጊዜ አለ፣ አንዳንዱ መሀል ላይ ይቆረጣል፣ አንዱ ጫፍ ላይ ደግሞ የሬዲዮ አቅራቢ "አድማጮቻችን" ይላል። ሸዋዬው፣ ጎጃሜው፣ ጎንደሬው ሁሉ "ወሎ" ተብሎ ገብቷል። ፒያሳ ያሉት ግን ከመጫናቸው በፊት ይጠይቃሉ። ለመኪና ነው? ለሠርግ ነው? ለቡና ነው? ለቡና ነው ስላቸው ከመረጥኳቸው ዘፈኖች ግማሹን ከዝርዝሩ ሰረዙብኝ። "ይህ ይቸኩላል። ይህን ከከፈትሽ ሰው ስኒውን ጨልጦ ይሄድብሻል" አሉ። ተቆጥቼ ነበር፤ ዝርዝሩን የሠራሁት ደክሜበት ነው። ይሁን እንጂ የእሳቸውን ምርጫ መክፈት ከጀመርኩ ወዲህ አቦል ጠጥቶ ይነሳ የነበረው ሰው ቶናን መጠየቅ ጀምሯል።

ሌላ ቀን እዚያው ቆሜ ከገጠር የመጡ አንዲት እናት ገቡ። የሚፈልጉትን ዘፈን ስም አያውቁም፣ ዘፋኟንም አያውቁም። አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ከልለው ሁለት ስንኝ አንጎራጎሩ። ሰውየው ዓይናቸውን ጨፍነው "አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ እቴ" አሉ። ሴትዮዋ ደገሙ። ከዚያ ከወንበራቸው ተነስተው ከአምባሰል መደርደሪያ ታችኛው ረድፍ፣ ከኋላ በኩል፣ የወሎው ላሊበላ የኪነት ቡድን በነበረበት ዘመን የተቀዳ ካሴት መዘው አወጡ። ዴኩ ውስጥ ከተው ትንሽ አሽከረከሩና ሲከፍቱት ራሱ ነው። ስሙን የማያውቁትን ዘፈን ስልክ ላይ ምን ብለው ጽፈው ይፈልጉታል? እናትየዋ ለዚህ ሁሉ የከፈሉት አንድ ዘፈን ሚሞሪ ላይ ለማስጫን የሚከፈለውን አምስት ብር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ ካሴት መገልበጥ። ዋጋው ለአንድ ካሴት 250 ብር ነው። ብዙ ነው የሚል ካለ ሥራውን ቆሞ ይይ። የ60 ደቂቃ ካሴት ለመገልበጥ 60 ደቂቃ ይፈጃል፤ ማፍጠኛ የለውም። መጀመሪያ የዴኩን ሄድ፣ ማለትም ክሩን የሚያነብበውን ክፍል፣ በጥጥና በአልኮል ይጠርጋሉ። ካሴቱን በቀጭን ካቻቢቴ ከፍተው ክሩ ሻግቶ እንደሆነ ያያሉ፤ ክሩን ከሄዱ ጋር የምታጣብቀው ትንሿ ስፖንጅ ወድቃ ከሆነ ከሌላ ሬሳ ካሴት አውጥተው ይለጥፋሉ። ክሩ የተበጠሰ ከሆነ ይቀጥሉታል። ከዚያ ካሴቱ እየተጫወተ በሄዱ ጎን ያለችውን ደቃቅ ብሎን በጥቂት በጥቂት ያዞራሉ። ሄዱ ክሩ ላይ የሚያርፍበት ማዕዘን ካሴቱ መጀመሪያ ከተቀዳበት ማሽን ጋር ካልገጠመ ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ሁሉ ይጠፋል። እሳቸው ሲያዞሩት ድምፁ ታፍኖ፣ ታፍኖ ይቆይና አንድ ቦታ ላይ በድንገት ይፈካል፤ የማሲንቆው ደጋን ጭራው ላይ ሲፋተግ እንኳን ይሰማል። ሌላ ቦታ ያስገለበጥኩት ካሴት የዴኩ ቺንጋ ላልቶ ኖሮ አምባሰል የምታንጎራጉረዋን ሴት ሽማግሌ አድርጎ ሰጥቶኛል። እዚህ እንዲያ ያለ ነገር አልገጠመኝም።

ካመጣኋቸው ካሴቶች አንዱ ዘፈን አይደለም። አባቴ በደርግ ጊዜ እንደ ብዙ የወሎ ሰው አሰብ ወደብ ላይ ይሠራ ነበር። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ እሱም ደብዳቤውን ሰው እንዲያነብላት አይፈልግም። ስለዚህ በካሴት እየተናገረ በኮምቦልቻ በኩል በሚያልፉ የጭነት መኪና ሹፌሮች እጅ ይልክላት ነበር። ባዶ ካሴት ሲያጣ ከዘፈን ካሴት ጀርባ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በወረቀት ወትፎ በላዩ ይቀዳበታል። የተገለበጠው ካሴት ላይ የአሰብን ሙቀት ያማርራል፣ የላከው ጨው ደርሶ እንደሆነ ይጠይቃል፣ በሬው ስንት እንዳወጣ ይጠይቃል፣ ስለ እኔ ጥርስ ይጠይቃል። ባለቤቱ የአባቴ ድምፅ እንደጀመረ ዘፈን አለመሆኑን አውቀው የጆሮ ማዳመጫውን ሰጡኝና "ሻይ ልያዝ" ብለው ወጡ። ሻይ ይዘው አልተመለሱም፤ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

አባቴ ተሰናብቶ ቅጂው ሲቆም ከሥር የነበረው ዘፈን ከመሀሉ ይቀጥላል። አንድ ሰው በማሲንቆ አንቺሆዬ ይጫወታል። ወደዚህ ሰው በኋላ እመለሳለሁ።

ወቀሳዬን ልናገር። ይህን ሁሉ ደክመው ሲያበቁ ፍላሹ ላይ የሚያስቀምጡልህ "ትራክ 01" እና "ትራክ 02" የሚባሉ ሁለት ፋይሎች ናቸው፤ የካሴቱ አንድ ገጽ እንዳለ፣ ዘፈኖቹ ሳይለዩ። አራተኛውን ዘፈን የፈለገ ሰው እየገፋ ሲዳክር ይውላል። በዚያ ላይ በ128 ኪሎቢት የተጨመቀ ኤምፒ3 ነው፤ አንድ ደቂቃ ድምፅ አንድ ሜጋባይት ያህል። ሳይጨመቅ በሲዲ ጥራት ቢቀመጥ ደቂቃው አሥር ሜጋባይት ያህል ይወስድ ነበር። እኔ የያዝኩት ፍላሽ 32 ጊጋባይት ነው፤ ለማን ነው የሚቆጥቡት? ያን የማሲንቆ ጭራ ፍትጊያ በካቻቢቴ ፈልገው ካገኙት በኋላ ራሳቸው መልሰው ጨፈለቁት ማለት ነው። ስነግራቸው ሳያንገራግሩና ሳያስከፍሉ እንደገና ገለበጡልኝ፤ ሌላ ሰው ግን ካልጠየቀ አያገኘውም። ደረሰኝ የለም። "ነገ ነይ" አለ። የካሴት ማቀፊያዎችንም ያቀያይራሉ፤ የእናቴ መንዙማ የአባቴ መዝሙር ማቀፊያ ውስጥ ገብቶ መጣ። እናቴ ስታየው "የት ሊሄድ ኖሯል!" ብላ ሳቀች እንጂ አልተቆጣችም። እኔ ግን ተቆጥቻለሁ።

ስለ ፊልሙ ብዙ አልልም። መታወቂያ አስይዘን ቪኤችኤስ ስንከራይ የነበረበት ዘመን አልፏል፤ የቀረው ዲቪዲም ግማሹ አይከፍትም፣ የሚከፍተውንም የሚያጫውት ዕቃ በሰው ቤት የለም። ወጣቶች የሚጭኑት አንድ ሰው የወንዱንም፣ የሴቷንም፣ የሽፍታውንም ድምፅ እየሆነ የሚተርክባቸውን የትርጉም ፊልሞች ነው። ይህን የትም ያገኙታል። ለፊልም ብላችሁ እዚህ አትምጡ።

ሱቁ ለምን እዚህ ደረሰ? ባለቤቱ የሚሉት ቀጥተኛ ነው። በካሴት ዘመን አዲስ አበባ ወርደው ከአምባሰልና ከኤሌክትራ ሙዚቃ ቤቶች በካርቶን ያመጡ ነበር፤ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ አዲስ ካሴት ሲወጣ የፒያሳ ድምፅ ማጉያዎች እርስ በርስ ይጯጯሁ ነበር። ከዚያ ሲዲ መገልበጫ ያለው ኮምፒውተር መጣ። አንድ ዋና ሲዲ የገዛ ሰው በማግስቱ ሃምሳ አድርጎ መንገድ ላይ አዞረው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጣ፤ ወረቀቱ ከአዟሪው እጅ ሲዲውን አልነጠቀም። ቀጥሎ ሚሞሪ፣ ቀጥሎ ቴሌግራምና ዩቲዩብ። መኪናው እንኳን ሲዲ የሚጎርስበትን አፍ ዘግቶ ፍላሽ መሰኪያ ብቻ ይዞ መምጣት ጀመረ። የሙዚቃ አቀናባሪው ኤልያስ መልካ ከድምፃውያኑ ከኃይሌ ሩትስ፣ ከጆኒ ራጋና ከሌሎች ጋር በ2011 ዓ.ም. አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ሲጀምር ገንዘቡ ለባለሙያው የሚደርስበትን መንገድ ማስላቱ ነበር፤ በዚያ ስሌት ውስጥ ግን ለሱቅ የተተወ ቦታ የለም።

"እኔን የገደለኝን ሥራ ነው አሁን የምሠራው" አሉኝ ፍላሽ እየሞሉ። ሐሰት የለውም። ከምከፍለው መቶ ብር ለዘፋኙ የሚደርስ ሳንቲም የለም፤ ይህን እያወቅኩ እከፍላለሁ፣ እሳቸውም እያወቁ ይቀበላሉ።

ለንደን የምትኖር የአክስቴ ልጅ የዚያ አገሩን ስትነግረኝ የተለየ ሆኖ አገኘሁት። ኤች ኤም ቪ የሚባለው ሙዚቃ ቤት እ.ኤ.አ. በ1921 ኦክስፎርድ ጎዳና ላይ የተከፈተ ነው። በዚያው አቆጣጠር በ2013 መጀመሪያና በ2018 መጨረሻ ሁለት ጊዜ ከስሮ በሕግ አስተዳዳሪ እጅ ወደቀ፤ በ2023 ግን ወደዚያው ጎዳና ተመልሷል፤ ከፊልምና ከሙዚቃው ጎን ሸክላ፣ ቲሸርትና አሻንጉሊት ይሸጣል። እዚያ ገዢው ሙዚቃውን ከሱፐርማርኬትና ከኢንተርኔት በርካሽ ገዛ፣ በኋላም በወር ክፍያ ማዳመጥ ጀመረ። የእኛ ገዢ ግን ሌላ ቦታ አልሄደም፤ መግዛቱን ነው ያቆመው። ስለዚህ ሸክላ አምጥተው ቢደረድሩ ደሴ ላይ የሚያድን አይመስለኝም። ሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ የተሰጠውን የማሳተም መብት ተጋፍቶ ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ ያሳተማቸው ሸክላዎች ዛሬ የሚፈለጉት ውጭ አገር ባሉ ሰብሳቢዎች ነው፤ ቧንቧ ውሃ ላይ ማጫወቻ ያለው ሰው አላውቅም።

ባለፈው ስናወራ የሱቁን ገቢ ነገር አነሳሁባቸው። "አያ፣ ለመገልበጡ 250 ያስከፍላሉ። ለማወቅዎ ግን ምንም አያስከፍሉም።"

"አብሽሪ፣ ለወሬ ብር አይወሰድም" አሉ።

ወሬ አይደለም። እኔው ባለሁበት ከኮምቦልቻ የሠርግ ሙዚቃ የሚያጫውት ልጅ መጥቶ ለሙሽራ መግቢያ፣ ለሚዜዎች፣ ለሽማግሌዎች ጭፈራ ምን ምን እንደሚሻል ጠየቃቸው። ሰውየው ከግማሽ ሰዓት በላይ አንዱን ከአንዱ እያስተያዩ፣ የትኛው ከየትኛው ቅኝት በኋላ ቢመጣ ጆሮ እንደማይጎረብጥ በወረቀት ጻፉለት። ልጁ ወረቀቱን ኪሱ ከተተ፤ የ100 ብሩን ፍላሽ እንኳን "ቤት አለኝ" ብሎ ሳያስሞላ ሄደ። በዚያ ወረቀት ሠርግ በሠርግ ላይ ይሠራበታል። የባህል ምሽት የሚያዘጋጁ ሆቴሎችም እየመጡ ያማክሯቸዋል፤ በምላሹ ለስላሳ ይጋብዟቸዋል። እኔ የፈላ ቡና ብቻ ብሸጥ ኖሮ ገና ድሮ ተዘግቼ ነበር፤ ሰው የሚከፍለኝ ለቄጤማው፣ ለዕጣኑ፣ ከጎኑ ለተቀመጠው ሰው ጨዋታ ጭምር ነው። ሰውየው ደግሞ ቄጤማውን በነፃ እየጎዘጎዙ ለስኒው ብቻ ያስከፍላሉ። እንዲህ አልኳቸው፤ በሩ ላይ "ለሠርግ፣ ለሆቴል፣ ለቡና ሙዚቃ እንመርጣለን" ብለው ይጻፉ፣ ለአንድ ዝርዝር 500 ብር ይበሉ፣ የመጀመሪያዋ ከፋይ እኔ ነኝ። ሳቁ። ብሩን ሰጠኋቸው፣ መቶውን ወስደው የቀረውን መለሱልኝ።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ይከፍታሉ፣ ዓርብ ለጁምዓ ይዘጋሉ፣ መብራት ከጠፋ አትልፉ። ካሴታችሁ ላይ ስማችሁን ጻፉበት፣ ማቀፊያውንም እንዲሁ። ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። "ሳይጨመቅ፣ ዘፈን በዘፈን ተለይቶ" ብላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ተጨማሪ አይጠይቋችሁም፣ እናንተ ግን ጨምሩላቸው።

ያ ማሲንቆ ተጫዋች እስከ ዛሬ አልታወቀም። ባለቤቱ ፈቃዴን ጠይቀው ከአባቴ ንግግር በኋላ ያለውን ቁራጭ ስልካቸው ላይ ጫኑት፤ ሱቁ የገባውን ሽማግሌ ሁሉ ያሰሙታል። አንዱ "የወረባቦ ሰው ነው" ይላል፣ ሌላው "የለም፣ አገጣጠሙ የወሎ ቦረና ነው" ብሎ ይከራከራል፣ ሁለቱ ተጣልተው የወጡበትም ቀን አለ። ማን እንደሆነ ለይቶ ለሚነግራቸው ሰው አንድ ፍላሽ ሞልተው ሊሰጡ ቃል ገብተዋል። እሱንም በነፃ።